የሚያለከልከውን ላፕቶፕ አትንካ

የአክስቴ ልጅ፣

ላፕቶፑ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እያለከለከ ነው። አልታመመም፤ የጎርፍ ማስያውን ፕሮግራም ከምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ባለሙያዎቹ ከጻፉት ጥሬ ጽሑፍ፣ እየገነባ ነው። ትናንት «አሳዘነኝ፣ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው» ብለህ ሶኬቱን ስትነቅለው ባትሪው አልቆ ሥራው መሃል ላይ ቀረ።
ዛሬም እዘንለት። ከሩቅ።

የመመረቂያ ጥናቴ አማካሪ «ሰው ሁሉ የሚሠራበትን፣ በይፋ የተለቀቀውን ቨርዥን ተጠቀሚ» ይላሉ። ሰው ሁሉ የሚሠራበት የወንዙን ሙላት አሳንሶ ያሰላል! እርማቱ ያለው ገና ባልተለቀቀው ኮድ ውስጥ ብቻ ነው። ጎርፉ ደግሞ «እስኪለቀቅ ልጠብቅ» አይልም።
ስለዚህ አሁን ቢሯቸው ሄጄ፣ በተሳሳተ ቁጥር አልመረቅም ልላቸው ነው። ከፈለጉ ያባርሩኝ።

ግንባታው ሲያልቅ ስሌቱ በራሱ ይቀጥልና ስክሪኑ ላይ ግራፍ ይመጣል። ፎቶ አንስተህ ቶሎ ላክልኝ፤ አፍንጫቸው ሥር እደቅንላቸዋለሁ።

ማራገቢያህን ከክፍልህ ወስጄ ለላፕቶፑ አዙሬለታለሁ። ይሞቅሃል፤ ቻለው።

ትናንት ተናድጄ «ካንተ ላፕቶፑ ይሻለኛል» ያልኩህን በተመለከተ፦
እሱ ሳመሽ ሻይ አፍልቶ ጠብቆኝ አያውቅም።
በቃ፣ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሶኬቱን ግን ንካና እንተያያለን!