ለካርታ መምሪያ ኃላፊ፦ ስለ ሰሜኑ ጥግ ሰማያዊ ቀለም

ጥቅምት 12 ቀን። ወንድሜ ከእሑድ ጀምሮ ከሐይቁ አልወጣም።

ለተከበሩ የሐይቆች ካርታ መምሪያ ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ ደረትዎ ሙሉ፣ አጥንትዎ ሁሉ በየቦታው ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሁለት የጎድን አጥንቴ ከመሰንጠቁ በቀር ደህና ነኝ።

ታናሽ ወንድሜን አያውቁትም፤ መካኒክ ነው። ብዙ ሰው በማይደርስበት ሐይቅ ላይ ዓሣ ልናጠምድ ስንነሳ “ጥልቀቱን ሳላውቅ የጀልባዋን ሞተር አላስነሳም” ብሎ ድርቅ ስላለ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ ዝርዝር የጥልቀት ካርታ ገዛን። ከዚህ የተነሳ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ካርታው ያምራል። የሰሜኑ ጥግ በጠቆረ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ በግርጌው ማብራሪያ መሠረት ይህ ጥልቅ ውሃ ማለት ነው። ወንድሜ ቀለሙን አምኖ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ከውሃው ሥር፣ ክንድ በማይሞላ ጥልቀት ላይ፣ ቋጥኝ ነበር። ጀልባዋ ከአፍንጫዋ እስከ ሆዷ ተሰነጠቀች፤ እሱ ግንባሩን ከጀልባዋ የብረት ጠርዝ ጋር አጋጭቶ፣ ፊቱ ደም እንደለበሰ ተወረወረ። ጃኬቱን ይዤው ነበር። እጄ ላይ የቀረው እጅጌው ነው። ከቋጥኙ ጀርባ ውሃው ገደል ነው፤ በዚያ ወረደ።

ሁለተኛ፣ ወንድሜን እንዲያወጡልኝ የጠራኋቸው ጠላቂዎች “የጥጉን ትክክለኛ ጥልቀት ካላመጣህልን ሰው አናወርድም፤ በአንድ ሬሳ ላይ ሌላ አንጨምርም” ስላሉኝ እርስዎ ዘንድ ቀረብሁ። እርስዎም ሻይዎን እያማሰሉ በትዕግሥት አስረዱኝ፦ ለኪዎቹ ነዳጅ ስላለቀባቸው ያንን ጥግ ሳይለኩ ተመለሱ፤ የካርታው ምረቃ ቀን ደግሞ ደረሰ፤ ነጭ ቦታ ያለበት ካርታ ለእንግዶች ያልተጨረሰ ሥራ ስለሚመስል፣ አጠገቡ ባለው ቀለም እንዲሞላ አዘዙ። “ለዓይንም ይስባል” አሉኝ። ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር።

ሦስተኛ፣ ግድግዳዎ ላይ የተሰቀለውን ካርታ መስታወት በክርኔ ማድቀቄ፣ ጠረጴዛውን ተሻግሬም ክራቫትዎን አንቄ መያዜ ብልግና ነበር። ዘበኛዎ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። “ጥልቀት አይደል የፈለግኸው፣ የኔ ጌታ? ና ላሳይህ!” እያለ በዱላው ጎኔን እያደቀቀ፣ ከላይኛው ፎቅ እስከ መንገዱ ድረስ አንድም ደረጃ ሳይዘል አወረደኝ። በመሥሪያ ቤትዎ አንድ ነገር ከላይ እስከ ታች ተለክቶ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዛሬም ተመልሻለሁ። ጥጉ በአስቸኳይ እንዲለካ ያቀረብሁት ማመልከቻ የርስዎን ፊርማ በጸጋ አግኝቷል፤ የቀረው ማኅተም ነው። ማኅተም ያዧ መሳቢያዋን ቆልፋ ወጥታለች። “ትመጣለች፣ ምን ያስቸኩልሃል?” አለኝ የጎረቤቷ ጠረጴዛ። እኔም ኮሪደሩ ላይ፣ ደም በነካው ሸሚዜ፣ ይህንን እየጻፍሁ—

አሁን የወንድሜ ሚስት ከሐይቁ ዳር ደወለችልኝ። “ጋሼ፣ አንተ ማኅተምህን ጠብቅ። እኔ ገመድ ወገቤ ላይ አስሬያለሁ፣ ልገባ ነው” ብላ ዘጋችው።

ዋና አትችልም።

ስለዚህ ማመልከቻውን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ትቼልዎታለሁ፤ ማኅተሙ ሲገኝ በሚመችዎ ቦታ ያሳርፉት። ይህንን የምጨርሰው ቆሜ ነው። ሄድሁ።

ቀለምዎን ያመነው መካኒክ ታላቅ ወንድም፣ የዘበኛዎ ዱላ ባለውለታ፣ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ የማይረሳዎ አክባሪዎ።

ግልባጭ፦ ለሚያነብ ሁሉ

ተጨማሪ፦ ሾፌርዎ ኮሪደር ላይ እንዳጫወተኝ፣ እርስዎም በየወሩ ልጆችዎን ይዘው እዚያው ሐይቅ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ወደ ሰሜኑ ጥግ ግን ጀልባዎን አያስጠጉም። በሚቀጥለው ጉዞዎ ካርታዎን ይመኑት፣ ሞተሩንም እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። ልጆቹን ብቻ ቤት ይተዉልኝ።