የእማዬ የችቦ ቃል

ዘወትር ውል ለምትለኝ ወንድሜ ለዮፍታሔ፤

እንደምን አለህልኝ ወንድምዓለም? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ ወገብህስ ተሻለህ? ቀኑን ሙሉ እምድጃ ፊት ቆመህ እየዋልክ እግርህ ያብጥ ነበር፤ አሁንስ? ምግብ አብሳይ ለራሱ አይበላም ይላሉና አንተም እንደዚያ እንዳትሆን አደራህን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሥጋችን ደኅና ነን። በሥጋችን ማለቴ ነፍሴ ገና ወደ ቦታዋ ስላልተመለሰች ነው።

ይህን ደብዳቤ ይዞልህ የሚመጣው የሥራ ባልደረባህ ኑሕ ነው። በስልክ ልነግርህ ጀምሬ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ደግሞም በስልክ ብነግርህ አታምነኝም፤ ቀልድ ይመስልሃል። ስለዚህ እባክህ ተቀመጥና አንብበው።

ማክሰኞ ዕለት ሥራ አርፍጄ ነበር። ከቤቴ ከሸጎሌ ወደ ጳውሎስ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ተጋፍቼ ገባሁና ከኋላ ወንበር ተወሸቅሁ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ሹፌሯ ሴት መሆኗን ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ ሰማሁ፤ እኔ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ስለነበር ቀና ብዬም አላየሁ። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ባለባጃጅ ድንገት ገባባት። ፍሬን ያዘች፤ ሁላችንም ወደ ፊት ተገፋን። ከዚያ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ ሳትሳደብ፣ «ቀስ በል ልጄ፣ እናትህ ትፈልግሃለች» አለችው።

ዮፍታሔ፣ ያንን ድምፅ ከእናቴ ማኅፀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ብድግ ብዬ «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ ጭንቅላቴን ከጣሪያው ጋር አጋጨሁት፤ ታክሲው ሙሉ ዞሮ አየኝ። እማዬ ግን አልዞረችም። በመስታወቱ ብቻ አየችኝና «ቁጭ በይ። ስነዳ አታናግሪኝ» አለችኝ። ረዳቷ ደግሞ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የእማዬ ጎረቤት የእትዬ ዓለሜ ልጅ ሮሃ! አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ አጥታ የተቀመጠችው። ከኔ ሂሳብ ለመቀበል ስታፍር እማዬ ከፊት ሆና ተቀበያት አለቻት። ከፈልኩ። ለእናቴ የታክሲ ከፈልኩ። መኪናዋም የአባባ መኪና ነበረች። እሁድ እሁድ እናታችን ቤት ስሄድ ሸራዋን ለብሳ ግቢ ውስጥ የማያት፣ ዝገት ሊበላት ነው እያልን እንሽጣት የምንላት የአባባ ሚኒባስ።

አባባ ያስለመደንን መቼም አልረሳህም። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦው ሲለኮስ ሁላችንም በተራ ለዓመቱ ያሰብነውን እንናገራለን፤ ችቦው ከጠፋ በኋላ የተናገረ አይቆጠርለትም። እኔ በየዓመቱ ማስተርሴን እጀምራለሁ እላለሁ። ባለቤቴ አክሊል ሲጋራ አቆማለሁ ይላል። አንተ በስልክ ሆነህ ዘንድሮስ እመጣለሁ ትላለህ። መስቀል ሳይጠባ የሁላችንም ነገር ከችቦው ጋር አመድ ሆኖ ይቀራል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። አባባ ባረፈ በመጀመሪያው እንቁጣጣሽ እማዬ፣ ችቦው ወደ እጀታው ሲደርስ፣ «እኔ ደግሞ የአባታችሁን የዳኜን መኪና እነዳለሁ» አላለችም? አንተ ትን እስኪልህ ሳቅህ። እኔም ቀበቶ ማሰር እንዳትረሺ አልኳት። ከኋላ ተቀምጣ እንኳ በየኩርባው በስመ አብ የምትል ሴት ናታ! እሷም አብራን ሳቀች፤ ከዚያ ወደ ዶሮ ወጡ ሄድን።

የሆነውን ሁሉ የነገረኝ የአባባ ጓደኛ ጋሽ ዓምሃ ነው። መሪ ያስያዛት እሱ ነው። መጀመሪያ የአውቶሞቢል፣ ቆይታ ደግሞ የሕዝብ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ስትፈተን እንጨቱን ገጭታ ወድቃለች፤ የልጅ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ተሰልፋ ነው የወደቀችው። ስትወድቅ ቤቷ ገብታ ሽሮዋን ሠርታ ትበላለች፤ በነጋታው ተመልሳ ትሄዳለች። ጠዋት ስደውልላት ኪዳን አድርሼ እየወጣሁ ነው ትለኝ ነበር። ውሸቷንም አይደለም። ከኪዳን በኋላ ወዴት እንደምትሄድ ግን ጠይቄያት አላውቅም።

ጳውሎስ ደርሰን ሰው ሁሉ ሲወርድ ከፊት ወንበር ገብቼ ለምን ደበቅሽን ብዬ አፋጠጥኳት። «መች ደበቅኳችሁ? ችቦው እየነደደ ነው የተናገርኩት» አለችኝ። ደላላው ሸፊ ቅዳሜ ለመኪናዋ ገዢ ይዞ እንደሚመጣ እሁድ ዕለት በራሴ አፍ ነግሬያት፣ እሷም እናንተ እንዳላችሁ ብላኝ ነበር። ያን ጊዜ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። መሪውን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች፣ «ዮፍታሔም ልጄ ነው፣ እሱም ያሰበው ነገር አለው። መኪናዋን መሸጥ ትችላላችሁ። መንዳቴን ግን አትሸጡብኝም» አለች። ወዲያው ተራ አስከባሪው ማዘር ልቀቂ እያለ በሩን ደበደበና እኔን አውርዳ ሄደች። የምሠራበት ፋርማሲ ስገባ ባልደረቦቼ ፊቴን አይተው ማን ሞተብሽ አሉኝ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ከመኪናዋ ሽያጭ ድርሻህን ጁባ ላይ ለምትከፍተው ምግብ ቤት እንዳሰብከው አውቃለሁ። የሰው ቤት እሳት ስንት ዓመት እንደፈጀህም አውቃለሁ። ለዚህ ነው ብቻዬን ያልወሰንኩት። ለሸፊ ግን ቆይ ብዬዋለሁ፤ እያጉረመረመ ነው። አንተ ሽጡ ካልክ እማዬ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ትፈርማለች። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነው። ከመወሰንህ በፊት ግን አንድ ጊዜ መሪ ጨብጣ ብታያት ብዬ እመኛለሁ። ጀርባዋ ቀጥ ብሎ፣ አባባን ከቀበርን ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብላ አይቻት አላውቅም።

አክሊል በብዙ ሰላም ይልሃል፤ ማክሰኞ ማታ ይህን ስነግረው ሲጋራውን ሳይለኩስ መልሶ ኪሱ ከተተው። ልጄ ኢየሩ አያቷ ሹፌር መሆኗን ለትምህርት ቤቱ ሁሉ አውጃ ሳም አድርጊልኝ ብላሃለች። ጋሽ ዓምሃ እግዜር በሰላም ያገናኘን ይልሃል። ሮሃም እጅ ትነሳለች።

እማዬን ምን ልጻፍልሽ ብላት፣ በዘንድሮው ችቦ ያልኩትን አስታውሺው ብቻ አለችኝ። ያን ማታ ዮፍታሔን ከቦሌ የማመጣው እኔ ነኝ ስትል አንተም በስልክ እሺ እማዬ ብለሃት ነበር፤ እኛ አበባ ይዛ በር ላይ የምትቆም መስሎን ነበር። እሷ እንደሆነች ያለችውን ታደርጋለች። የቀረኸው አንተ ነህ።

እህትህ ትሕትና
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.