አንዷ ይዛ፣ አንዷ ሰፍታ

እሑድ፣ ሐምሌ 18/96። ከሆስፒታል መልስ።

ደብተሬ፣ ዛሬም ከኩላሊት ማሽኑ ተፈትቼ መጣሁ። ራሴን ያዞረኛል፣ ግን ደህና ነኝ። አየለ ሾርባ አሙቆ ጠበቀኝ፤ ጨው የለው፣ ቅመም የለው፣ እንደምንም አጣፍጦታል። ባልስ አለኝ።

ስፌቱ አደገ። የሰሃን አፍ ያክላል። ለካ እንዴት እንደምንሰፋ አልጻፍኩልህም። ደሜ ሲታጠብ ግራ ክንዴ ላይ መርፌ ስላለ አይንቀሳቀስም። በቀኜ በኩል ያሉት ወ/ሮ ትርንጎ ደግሞ የታሰረው ቀኝ ክንዳቸው ነው። ለኔ ቀኝ ተረፈኝ፣ ለሳቸው ግራ ተረፋቸው። ስፌት በአንድ እጅ አይሆንም። ስለዚህ ወንበሮቻችንን ያስጠጉልናል፣ ስፌቱን መካከላችን እናቆመውና እሳቸው ይይዛሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። ሁለት በሽተኛ ተደምረን አንድ ጤነኛ ወጣን።

አሖቷ፣ ማለት ነርሷ፣ መጀመሪያ ቀን ወስፌውን ስታይ ልትወድቅ ነበር። ደም በሚሄድበት ቱቦ አጠገብ ወስፌ! ነጠቀችንና በማግስቱ ጫፉ ደነዝ የሆነ የላስቲክ መርፌ አመጣችልን። ስንደዶ የለም፣ አክርማ የለም። አየለ ከማሳ ዳር የለቀመው የስንዴ አገዳና የሱፍ ክር ነው ያለን። ይሁና።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 20

የአይሁድ ጾም ነው ዛሬ። ቤተ መቅደሱ የፈረሰበት። ወ/ሮ ት. አኩርፈው መጡ። ሐኪሙ ጾም ከልክሏቸዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ይችን ቀን ፈተው አያውቁም። ልጃቸው ቁርስ በግድ አብልቷቸዋል፣ እሱንም አኩርፈውታል።

እኔም የራሴን ነገርኳቸው። ፍልሰታ እየመጣ ነው፤ ምስሩም ባቄላውም ለኔ መርዝ ነው ተብሏል፣ እንቁላል ብይ ነው የምባል። ጾም የተከለከሉ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ የኦሪት አንዷ የወንጌል። ሳቁ። ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጥርሳቸው ፍንጭት ነው ለካ።

የቆየ ሰው ናቸው። ባደጉበት መንደር ክርስቲያን የነካ ታጥቦ ነው ቤቱ የሚገባ። እኔ ደግሞ መስቀሉ ግንባሬ ላይ ተነቅሷል፣ የሚሸሸግ ነገር የለኝም። ወደዚህ አገር በባሌ በኩል ነው የመጣሁ፤ አየለ ቤተ እስራኤል ነው፣ በጸሎቴ ገብቶብኝ አያውቅም። መጀመሪያ ሰሞን እጄ እጃቸውን ሲነካ ወ/ሮ ት. በአልኮል ጥጥ ይጠርጉት ነበር። አያለሁ፣ ሳቄን እውጣለሁ። ጥጡ የሆስፒታሉ ነው፣ ምን ቸገረኝ። አሁን ትተውታል። መቼ እንደተዉት እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ጠዋት ኢየሩሳሌም ደውዬ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። በሽታሽ ጾምሽ ነው፣ ብይ አሉኝ። እንቁላሉን ፊቴ አስቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ በላሁት። ጣፈጠኝ ደግሞ፣ እግዚኦ!

ሙቀቱ አይጣል ነው። የረሃቡስ ይቅር፣ ጥሙ ነው የሚገድለኝ። ኩላሊት ከሌለ ውኃ የሚወጣበት የለውም፣ ስለዚህ እየለኩ ነው የሚሰጡኝ። የበረዶ ቁራጭ አፌ ውስጥ አድርጌ መስኮቱ ጋ ቁጭ። ከኛ ቤት፣ ከአፉላ ኢሊት፣ የናዝሬት ኮረብታ ይታያል። የእመቤቴ አገር። እሷም ውኃ ቀድታለች በዚህ ሙቀት። ልጇም መስቀል ላይ ሆኖ ተጠምቷል። ዛሬ ጥሜን ከጥምህ ጋር ቁጠርልኝ አልኩት። ጥሙ አልቀረም። ምሬቱ ግን ቀረ። ደብተሬ፣ ይኸ እውነት ነው፣ ለማስመሰል አልጻፍኩትም።

ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 4

ጉድ ፈላ። ከሥሩ ወደ ጎን ልናነሳው ጀምረን ነበር፤ ጠርዙ ተወላግዶ ቁጭ። እኔ የስፌቱን አንድ ፊት ነው የማየው፣ ወ/ሮ ት. ሌላውን። ለኔ ውስጡ የመሰለኝ ለሳቸው ውጩ ነው። እኔ ወደኔ አጎብጣለሁ፣ እሳቸው ወደሳቸው ይስባሉ። አሖቷ ባርኔጣ ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

ወ/ሮ ት. ጥፋቱን በኔ ላይ አላከኩ። በአገራቸው የታወቁ ሰፊ ነበሩ፣ በሳቸው ስፌት ሙሽራ ተድራለች። አሁን እኔ ሰፊ፣ እሳቸው ያዥ ሆነው መቅረታቸው ያንገበግባቸዋል። አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ምን ስትሠራ ነበር ሳታስተምርሽ ይሉኛል። የሃምሳ ዓመት ልጅ! ፈታነው። ዙር በዙር፣ እስከ ሥሩ። ውስጡ በኔ በኩል እንዲሆን ተስማማን። አልከፋኝም። መፍታቱም ሥራ ነው፣ ሰዓቱን በላልን።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 6

ክፉ ቀን። የወ/ሮ ት. ማሽን ከጅምሩ ይጮኻል። የክንዳቸው ደም ሥር ተደፍኗል። ሐኪሙ ለጊዜው አንገታቸው ላይ ቱቦ ማስገባት፣ ቆይቶ ደግሞ ለመርፌው ግራ ክንዳቸውን ከፍተን ማዘጋጀት አለብን አለ። አሻፈረኝ አሉ። ቀኙን ሰጠሁ፣ ግራውንም ስጪ? ከዚያ እንደ ግንድ ልጋደም? በቃኝ፣ ቤቴ ውሰዱኝ አሉ። ልጃቸው ለመነ፣ አሖቷ ለመነች። ያለ እጥበት ሳምንት አይዘልቁም፣ ያውቁታል። ፈርመው ሄዱ።

ስፌቱ ጭኔ ላይ ቀረ። በአንድ እጄ ያዝኩት፣ ምንም አላደረግኩም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 7

ሰንበት ገብቶ አውቶቡስ ሳይቆም ብዬ በጠዋት ጊቫት ሃሞሬ፣ ወ/ሮ ት. ቤት ወጣሁ። ደረጃው ትንፋሼን ቆረጠው። ልጃቸው ዓይኑ ቀልቶ ከፈተልኝ። ወ/ሮ ት. በረንዳ ላይ ናቸው፣ እግራቸው አብጧል።

በመንገድ ያዘጋጀሁት ስብከት ነበረኝ። ሳያቸው ጠፋኝ። ስፌቱን ጭናቸው ላይ አኖርኩት። ግራ ክንድዎ ከተከፈተ ቀኝዎ ይፈታል አልኳቸው። ያኔ እርስዎ ይሰፋሉ፣ እኔ እይዛለሁ። መያዝ አትችይም፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል አሉኝ። ያስተምሩኝ አልኩ።

እኔም ለአየለ ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። በመጀመሪያው ዓመት ጌታዬን ውሰደኝ እያልኩ እጸልይ እንደነበር። ለምን አስቀመጥከኝ እያልኩ ስጠይቀው መልስ እንዳጣሁ። ከዚያ እርስዎ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ፣ መጠየቁን ተውኩት። እዚያ ወንበር ላይ ያስቀረኸኝ ለዚህ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ወንበርዎ ባዶ ሆኖ ማየት እፈራለሁ፣ እትዬ። ይኸን ስል አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

እሳቸው አላለቀሱም። አውቶቡሱ ያመልጥሻል፣ ሂጂ አሉኝ። ስፌቱን ግን አልመለሱልኝም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 8

ወሬ የለም። ሰንበት ስለሆነ ስልክ አያነሱም። ጸሎቴን አደረስኩ፣ በስማቸው። ለኦሪት ሰው ወደ እመቤቴ መለመኔን ቢሰሙ ይቆጡኝ ነበር። ይቆጡኝ፣ ብቻ ይኑሩ።

እሑድ፣ ነሐሴ 9

ወንበራቸው ባዶ ነበር። ሰካክተውኝ ማሽኔ ጀመረ፣ አሁንም ባዶ። ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። ከዚያ የጋሪ ድምፅ፣ የልጃቸው ድምፅ። ትናንት ሰንበት ሲወጣ ራሳቸው ውሰደኝ አሉት አለኝ። ሌሊቱን ቱቦው ገባ፣ አንገታቸው ላይ ታሽጓል። የክንዱ ቀዶ ጥገና ወደፊት ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ተመስገን። ተመስገን ብቻ።

ደብተሬ፣ ላንተ አልዋሽም። ደስታዬ መሀል አንድ ነገር ወጋኝ። ቱቦው አንገት ላይ ስለሆነ ሁለቱም እጆቻቸው ነጻ ናቸው። ስፌቱን ከቦርሳቸው አውጥተው ብቻቸውን ጀመሩ። እንዴት ያለ እጅ ነው! ክሩ አይታይም፣ ዙሩ ብቻ ነው የሚያድግ። እኔ ዓመት ብሰፋ እንዲያ አይወጣኝም። በቃ፣ የኔ ሥራ አለቀ አልኩ በሆዴ። ቀኝ እጄን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተትኩት።

ጥቂት ሰፍተው ቆሙ። ስፌቱን ወደኔ ዘረጉት፣ ጠርዙን። ሁለት እጅ አለዎት እኮ፣ እትዬ አልኳቸው። አየሁት፣ ያዢ አሉኝ።

ያዝኩ። ተንቀጠቀጠብኝ፣ ጠበቅ አድርጊ አሉ፣ ጠበቅ አደረግኩ። ማሽኑ ጨርሻለሁ ብሎ እስኪጮኽ አለቀቅኩም። ማክሰኞም እይዛለሁ።