ከእኔ ይልቅ ለኢብቲሳም

ለእታለም፣ ጎባ

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽንስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ቅናት በሽታ ካልተባለ።

አዎ፣ ቀንቻለሁ። በስልክ ብጀምርልሽ ስለምትዘጊብኝ ነው የጻፍኩልሽ። ሰኞ ሰኞ ከጎባ ተነሥተሽ ሮቤ ትመጫለሽ። ከመናኸሪያው እኔ ቤት በባጃጅ አምስት ደቂቃ ነው። አንቺ ግን በደጄ አልፈሽ አማካሪሽ ኢብቲሳም ዘንድ አንድ ሰዓት ታወሪና እንዳመጣጥሽ ትመለሻለሽ።

ልጅሽ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ክርስትና ሳትነሣ ስታርፍ አጠገብሽ ነበርኩ። ድንኳን አልተጣለም፤ ዕድርም አልተጠራም። ሴቶቹ ገና ትወልጃለሽ፣ አታልቅሺ አሉሽ። እኔም አብሬ ብያለሁ፤ አልክድም። ግን ከዚያ ወዲህ ስንቴ ንገሪኝ አልኩሽ? መልስሽ ሁሌ ደህና ነኝ ነው። ለኢብቲሳም ግን የሕፃኗን ጥፍር ሳይቀር እንደነገርሻት ራስሽ አወራሽኝ። በሃይማኖት አትገናኙ፣ በአገር አትዛመዱ፣ ምን አቀራረባችሁ ብልሽ፣ እሷም እንደ እኔ ልጅ ቀብራለች፣ አንቺ አልቀበርሽም፣ አይገባሽም አልሽኝ። አንድ ጡት የጠባን ሰዎች ነን እኮ። ያንን ቃል እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም።

ስለዚህ ሄድኩ። መልኳን ላይ ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ልጣላትም ነበር። ቀጭን፣ ሰው ሲናገር የማታቋርጥ ሴት ናት። እህቴን በምን ወሰድሽብኝ አልኳት። ስለ ሌላ ሰው እንደማትናገር፣ የእኔን ግን እንደምትሰማ ነገረችኝ። እኔ ማንንም አልቀበርኩም አልኳት። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። ሳላስበው ስለ ሲናና ማውራት ጀመርኩ።

እዚያ የማስተምርበትን ዓመት ታስታውሻለሽ? ለበዓል ስመጣ ብርድ ነው እያልኩ ጋቢ ከላዬ አላወርድም ነበር። ኋላ ከስቼ ስመለስ ታይፎይድ ነው አልኳችሁ፤ እማዬ አጥሚት አጠጣችኝ፣ አንቺ እግሬን አሸሽልኝ፣ የጠረጠረ አልነበረም። ለኢብቲሳም ያወራሁላት ስለ ታይፎይድ አይደለም። አከራዬ ጁሀራ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሥር በገዛ እጇ ስለቆፈረችው፣ ክንድ ስለማይሞላው መቃብር ነው። ሰዓቱ አልበቃንም፤ ሌላ ቀጠሮ ሰጠችኝ።

ከሁለታችን ማንን አብልጣ እንደምትሰማ ጠይቄያት ሳቀች። የእኔ ቀን ረቡዕ ነው፤ ሰኞሽን ወደ ረቡዕ ላዙር እንዳትይ። ሰኞ ግን ቤት ነኝ። ወደ እሷ ከመሄድሽ በፊት እኔ ዘንድ ግቢ።

ሆድሽን ያባባውን ሁሉ እመብርሃን ታቅልልሽ፤ ደጅሽ ሳቅ አይጣ።

ታናሽሽ