ኢንሹራንስ ላልነበረው ወንድሜ

ውድ ወንድሜ ጉታ፣ እንደምን አደርክ? እንጦጦ ማርያም ባለህበት ትጠብቅህ። ትናንት ሠልስትህን አወጣን፤ ዘመድ ሁሉ ወደየቤቱ ተመልሷል።

በጎረቤታችን በሸፊ እንደምቀና ታውቃለህ። ቀብርህ ላይ እንኳ ቀንቼበታለሁ። አንተ ከምትሠራበት የሕፃናት ማሳደጊያ ጣራ፣ እሱ ከሚሠራበት ፋብሪካ መሰላል ወድቃችሁ በአንድ ክረምት ወገባችሁ ተሰብሮ አልጋ ላይ ቀራችሁ። እሱን ፋብሪካው ኢንሹራንስ አስገብቶት ስለነበር እስከ ጡረታው ድረስ በየወሩ ይከፈለዋል። የማሳደጊያው ኃላፊ ወይዘሮ ንግሥት ግን፣ "ለስድስት ሠራተኛ ምን ኢንሹራንስ ያስፈልጋል? እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" አሉኝ። ለቀብርህ የማሳደጊያው ሰዎች ሁሉም መጡ። እኔ ትምህርት ቤት ስውል ግን የሚያገላብጥህ ሰው አልነበረም፤ የገደለህም የጀርባህ ቁስል ነው። ሸፊ ለዚሁ ሥራ ሰው ቀጥሯል።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። እንደለመድኩት ለአንተ መታጠቢያ ውሃ አሞቅኩ። ሸፊ ከአጥሩ ማዶ አልጋው ላይ ሆኖ ጠራኝ፦ "አንተ ልጅ፣ ሠራተኛዬ ዛሬ ቀርቷል። ታጥበኛለህ ወይስ እስክሸት ትጠብቃለህ?"

ውሃውን ይዤ ሄድኩ። ሸሚዙን ሳወልቅለት ጀርባው ላይ አንዲት ቁስል አልነበረችም። ብዙ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ቀስ ብዬ አጠብኩት።