ለፀሐይ ከቤት የሚያስወጣ ስጦታ

ኅዳር 20 ቀን 56 ዓ.ም.፣ ማታ
ዛሬም የተማሪዎቹን ፈተና ሳላርም ዋልኩ። ሐሳቤ ሁሉ ጓደኛዬ ፀሐይ ዘንድ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ድሬዳዋ እህቷ ቤት ናት፤ ከደጅ አትወጣም አሉ። ት/ቤታችን የማስተማሪያ ቦታዋን የሚጠብቅላት እስከ ገና ብቻ ነው። ምን ልላክላት? ነጠላ? ሽቶ? ዕቃማ ሣጥን ይገባል፣ እሷም እቤቷ ትቀራለች። የሚያስወጣት ነገር ነው የምፈልገው። አገኘሁ፣ ደብተሬ! ሲኒማ! የአክስቴ ልጅ ተሾመ ባቡር ላይ ይሠራል፤ ነገ ማለዳ ይወርዳል። ቤቱ እዚያው ድሬዳዋ ነውና ከሚስቱ ጋር ይውሰዳት ብዬ አደራ አልኩት። ጎበዝ ነኝ እኮ!

ኅዳር 21
ጉድ ፈላ። ለእማዬ ብነግራት አማተበች። ጥቁር የለበሰች ልጅ፣ ዓመት ሳይሞላት፣ ሲኒማ? እናቷን የናቅሽባት ቢመስላትስ አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተሾመ ሄዷል። ባቡር በጩኸት አይመለስ!

ኅዳር 24
ከእማዬ ጋር እንጦጦ ማርያም ወጣን። እኔ ዳገቱ ላይ ሳለከልክ እሷ ከፊት ከፊት። አባዬ የሞተ ጊዜ እሷም ከቤት አልወጣም ብላ ነበር። ጎረቤታችን ወ/ሮ ሻሼ እጇን ጎትተው በዚሁ መንገድ አመጧት። እየሄደች አለቀሰች፣ ቆሎ ቆረጠመች፣ አወራች። ኀዘንተኛ ለጨዋታ አይወጣም፣ ለታቦት ግን ይወጣል አለችኝ። ቁልቢ! የታኅሣሥ ገብርኤል ደርሷል፣ ለድሬዳዋ ደግሞ ቅርብ ነው። ምን ጋርዶኝ ነው ያላሰብኩት?

ኅዳር 26
ተሾመ መጣ። ሚስቱ ፀሐይን በጥቁር ልብስ ስታያት ስለ ሲኒማ ትንፍሽ አላለችም፤ ለቅሶ ደርሳ ተመለሰች። እፎይ! እልል ማለት ነው የቀረኝ። ተባረኪ አቦ! ወዲያው የቁልቢውን መልእክት ላክሁበት፦ ሚስቱ አብራት ትሂድ።

ታኅሣሥ 4
መልስ አመጣልኝ። ፀሐይ እምቢ አላለችም! ግን ከተሾመ ሚስት ጋር አልሆነላትም። ደግ ናት፣ እናቴን ግን አታውቃትም አለች። እህቷ ደግሞ አራስ ናት። እናቴን ከሚያውቅ ሰው ጋር ቢሆን እሄድ ነበር ብላለች።
ኧረ እኔ የት ሄጄ? እናቷ እትዬ አበበች ስንቴ አጉርሰውኛል! አንቺ ቀጭን እያሉ፣ ጠግቤያለሁ ብል የማይሰሙ።

ታኅሣሥ 5
ዳይሬክተሩ ፈቀዱልኝ። እማዬ በሶ እያዘጋጀች ነው። ቀለል ብሎኛል፣ ያለ ምክንያት እስቃለሁ። እሄዳለሁ። ቁልቢ እስክንደርስ ስለ እትዬ አበበች እናወራለን።