የምሕረት ክሪስታል

ማክሰኞ

የላብራቶሪ ባልደረባዬ የምሕረት ክሪስታል ወጣ። የኔ ዛሬም ጭቃ ነው፤ ሰማያዊ ጭቃ።

የሷ መዳብ የተያዘው በግላይሲን ነው፤ ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ በሆነው። ይሄ ማንን ያቅተዋል? የኔ ሂስቲዲን ነው። በእውነተኛዎቹ ኢንዛይሞች ውስጥ መዳቡን አንቆ የሚይዘው እሱ ነው፤ እኔ ደግሞ የዚያን አያያዝ ትንሽ ሞዴል ለመሥራት እየተንገላታሁ ነው። ግን ለማን ልንገር? ሰው የሚያየው የሚያብረቀርቀውን ነው።

"ምን አድርገሽ ነው?" አልኳት።

"ምንም። ዝም ብዬ ተውኩት።"

ፈገግ አልኩላት። ውሸታም።

ረቡዕ

አማካሪያችን ዶክተር ታደለ በሚቀጥለው ማክሰኞ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። እዚያ ያለው ኤክስሬይ የትኛው አቶም መዳቡን እንደያዘ ያሳያል። የተፈቀደላቸው ግን አንድ ናሙና ብቻ ነው። ናሙናዋ የሄደላት ዘንድሮ ትመረቃለች፤ ሌላዋ ለከርሞ። ዶክተር የማንን እንደሚወስዱ አልተናገሩም፤ ዓይናቸው ግን የምሕረት ቢከር ላይ ነበር። እናቴ ከእብናት በደወለች ቁጥር "መቼ ነው የምትመረቂው?" ትለኛለች።

ጭቃውን ደፍቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ቢከሩን በወረቀት ሸፍኜ፣ ወረቀቱን በመርፌ በሳስቼ፣ መደርደሪያው ጥግ አስቀመጥኩት። ስንወጣ "ስልኬን ረሳሁ" ብዬ ተመለስኩ። ያየሁት ግን የሷን ነው። አድጓል።

አርብ

ዝናብ። መብራት የለም። የሷን ቢከር ስሰልል ዋልኩ። ቀለሙ ያምራል፤ ማማሩ አናደደኝ።

ምሳ ልትበላ ስትወጣ እጄን ቢከሩ ላይ አሳረፍኩ። አንዴ ነቅነቅ ባደርገውስ? ክሪስታሉ ይበላሻል። ከዚያ እጄን አነሳሁ። ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ ኮቴ ሰምቼ ነው።

እሑድ

ቅዳሴ ቆሜ ያሰብኩት ስለሷ ነው። ከሐዋሳ መጥታ የደብረ ታቦርን ብርድ እንኳ ለመደችው። መጀመሪያ ሰሞን ጋቢ ያዋስኳት እኔ ነኝ።

የራሴን ቢከር ከረቡዕ ጀምሮ እንዳላየሁት ትዝ ያለኝ ወደ ቤት ስመለስ ነው። ደርቆ ይሆናል።

ሰኞ

ወጥቷል! ወረቀቱን ሳነሳ ከታች ጥርት ያሉ ሰማያዊ ክሪስታሎች። ሳሞቀው፣ ሳማስለው፣ በየሰዓቱ ስከፍተው እምቢ ያለኝ፣ ስረሳው ወጣ። ማልቀስ አማረኝ።

ዶክተር ጎንበስ ብለው ሁለቱንም አዩ። "እንዳትነካኩት። የማንን እንደምወስድ ነገ ጠዋት እነግራችኋለሁ" አሉን።

ምሕረት የኔ ላይ ብዙ ቆየች። "ምን አድርገሽ ነው?"

"ምንም። ረስቼው ነው።"

ፈገግ አለችልኝ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ።

አብረን ወጣን። የግቢው በር ስንደርስ "ጃንጥላዬን ረሳሁ፣ ጠብቂኝ" ብላ ተመለሰች። ጃንጥላው እጇ ላይ ነበር። ልከተላት ስል አርብ ትዝ አለኝ። ቆምኩ። ዝናቡ ጀመረ፤ ቆሜ ተደበደብኩ።

ስትመጣ ጃንጥላውን ዘርግታ ከበላዬ ያዘችልኝ። እስከ ባጃጁ ድረስ ተቃቅፈን ሄድን። ምን ስታደርግ እንደቆየች አልጠየቅኳትም።